ማይክሮኮንትሮለርን ስናሠራ ልናደርገው ስለሚገባን ጥንቃቄ
(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም። ይህ ምክር ከጣት ጥፍር በማትበልጥ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ላይም እንደሚሠራ በዛሬው ንግግራችን ለመግለጽ እንሞክራለን። ይህችም ዕቃ ማይክሮኮንትሮለር የምትባለው ናት። በልብስ ማጠቢያ መኪና፤ በአሳንሰር፤ በውሃ መሳቢያና በሕክምና መሣሪያ ውስጥ ተሸሽጋ የተጻፈላትን ትእዛዝ እየፈጸመች ሌላውን ታዛለች።

ለምሳሌ ኤቲታይኒ 85 የተባለችውን እንመልከት። እግሮቿ ስምንት ብቻ ናቸው። የትእዛዝ ማኖሪያዋ 8 ኪሎባይት ሲሆን፤ ለጊዜያዊ ሥራ 512 ባይት፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ለማይጠፋው መዝገቧም 512 ባይት ተመድቦላታል። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ስለሚወስድ፤ ይህ መዝገብ ከአንድ አጭር ማመልከቻ የሚበልጥ ጽሑፍ አይችልም። ቤቱ ጠባብ የሆነ ሰው ዕቃውን በጥንቃቄ እንዲያስቀምጥ፤ ለዚህች ዕቃ ፕሮግራም የሚጽፍም እንዲሁ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። ይህች ዕቃ የምትሠራው ከ2.7 እስከ 5.5 ቮልት ባለው ኀይል ነው። ኀይሉ ከሚገባው በታች ሲወርድ ወዲያው ሥራዋን ብታቆም ጕዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን እንቅልፍ እንደ ያዘው ጸሐፊ እየተሳሳተች መሥራቷን ልትቀጥል፤ በቋሚው መዝገብ ላይም የማይገባ ነገር ልትጽፍ ትችላለች። ስለዚህ ኀይሉ ሲያንስ ሥራውን የሚያስቆም ጠባቂ በውስጧ ተሠርቶላታል። ይሁን እንጂ ከፋብሪካ ስትወጣ ጠባቂው ተዘግቶ ስለሆነ፤ መክፈት የሠሪው ግዴታ ነው። ከዚህም ጋር ከኀይል መቀበያ እግሮቿ አጠገብ የማይክሮፋራድ አንድ ዐሥረኛ የሚሆን ካፓሲተር ማኖር፤ ሞተርንም በትራንዚስተር አማካይነት እንጂ በቀጥታ ከእግሯ ጋር አለማገናኘት ያስፈልጋል። አንዱ እግሯ ሊሸከመው ከሚችለው የመጨረሻ ልክ፤ ከ40 ሚሊአምፔር፤ ማለፍ የለበትምና።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ቋሚው መዝገብ ነው። የመዝገቡ አንድ ቦታ ተጽፎ የሚፋቀው 100,000 ጊዜ ያህል ነው። ይህ ቍጥር ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በየሴኮንዱ ቢጻፍበት ከ28 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ በየሰዓቱ ቢጻፍበት ግን ከዐሥራ አንድ ዓመት በላይ ያገለግላል። በዕቃው ላይ ምንም ለውጥ ሳይደረግ፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የጸሐፊው አስተዋይነት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ስለ ቍጥር ነው። አንድ ባይት ከዜሮ እስከ 255 ብቻ ይቈጥራል፤ አንድ ሲጨመርበት ተመልሶ ዜሮ ይሆናል። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1985 እስከ 1987 ዓ.ም. ቴራክ 25 የተባለው የካንሰር ማከሚያ መኪና በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማንን ከመጠን ባለፈ ጨረር ጐድቷል። መኪናውን ያዝ የነበረው ኮምፒዩተር ከዚህች ዕቃ እጅግ የሚበልጥ ቢሆንም፤ በጥር ወር 1987 በያኪማ ከተማ ለደረሰው አደጋ ምክንያት የሆነችው አንዲት ባይት ናት። ባይቷ ከዜሮ የተለየች ስትሆን የመኪናው ክፍል በቦታው መኖሩ ይመረመራል፤ ዜሮ ስትሆን ምርመራው ይታለፋል። ፕሮግራሙ ግን በእርሷ ላይ አንድ አንድ ይጨምር ስለነበረ በየ256ኛው ጊዜ ወደ ዜሮ ትመለሳለች። ሠራተኛው በዚያችው ቅጽበት ቍልፉን በመጫኑ ጨረሩ ያለ ምርመራ ተለቀቀ፤ ሕመምተኛውም ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተ። አንድ በመጨመር ፈንታ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ቍጥር መጻፍ ቢደረግ ኖሮ ይህ ስሕተት ባልተፈጠረ ነበር።

አራተኛው፤ ፕሮግራሙ በመካከል ቢቆም ዕቃዋን እንደገና የሚያስነሣ ዘበኛ በውስጧ አለ። ፕሮግራሙ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ «አለሁ» ካላለ ዘበኛው ሥራውን ከመጀመሪያ ያስጀምረዋል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ሠሪዎች ይህን ቃል በሰዓት ቈጣሪው ሥር ያኖሩታል፤ ዋናው ሥራ ቢቆምም ቈጣሪው «አለሁ» ማለቱን አይተውም። ይህም ዘበኛው ተኝቶ ልጁ ደወሉን እንደሚደውልለት ያለ ነው። ቃሉ መነገር ያለበት ዋናው ሥራ በእርግጥ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

በመጨረሻም፤ የሰው ሕይወት በሚያሠጋ ሥራ ላይ ፕሮግራም ብቻውን መታመን የለበትም። ከቴራክ 25 በፊት የነበሩት መኪናዎች አደጋን የሚከለክል የብረትና የኤሌክትሪክ መቆለፊያ ነበራቸው፤ በአዲሱ ግን ይህ ተትቶ ኀላፊነቱ ለፕሮግራሙ ተሰጠ። እንግዲህ ለመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ የሚያስመጣ ወይም ተረክቦ የሚፈርም ሰው ሁሉ፤ «ኀይል ቢያንስ ምን ይሆናል? ፕሮግራሙ ቢቆም ማን ያስቆመዋል?» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቅ ይገባዋል። መልስ የሌለው ሻጭ ሲገኝ፤ ፊርማውን ማቆየት ብልኅነት ነው።