ጣናን በጀልባ

ጣና ለደራ ወረዳ ሰው ጎረቤት ነው። አንበሳሜ ተወልዶ የጣናን ስም ያልሰማ የለም። ነገር ግን ከመካከላችን በጀልባ የተሻገረው ጥቂት ነው።

ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፤ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ዓባይም ከዚሁ ሐይቅ ይወጣል። ይህን በዓይናችን ለማየት ብለን ከአንበሳሜ ተነሣን። በሐሙሲት በኩል አድርገን ባሕር ዳር ገባን።

ወደቡ

ወደብ ማለት ጀልባ የሚቆምበት፣ ሰውና ዕቃ የሚወርድበትና የሚጫንበት ቦታ ነው። የባሕር ዳር ወደብ በጠዋት እንደ ገበያ ነው። የሚጭን አለ፤ የሚያወርድ አለ፤ ተሳፋሪ የሚጠራ አለ።

ሁለት ዓይነት ጀልባ አየን። አንዱ የሞተር ጀልባ ነው። ሞተር ያለው ጀልባ በጣና ላይ መሥራት የጀመረው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ሰውና እህል የምታመላልስ መርከብ ነበረች። በደቅ ደሴትና በቁንዝላም ትቆም ነበር።

ሁለተኛው ታንኳ ነው። ታንኳ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፤ ይደርቃል፤ ከዚያ እየታሰረ ይጠበቃል። በዚህ ሙያ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ከውኃው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ቶሎ ቶሎ ሌላ መሥራት ያስፈልጋል።

ፊደል ያወቀ ሰው

ከወደቡ በሞተር ጀልባ ተሳፈርን። ከእኛ ጋር ዘንድሮ ማንበብ የተማሩ አንዲት እናት ነበሩ። በጀልባው ጎን የተጻፈውን ፊደል በፊደል እየቆጠሩ አነበቡ፦ «ከ10 ሰው በላይ መጫን ክልክል ነው።» ቀና ብለው ሰዉን ቆጠሩ። 12 ሆነ።

«ልጄ፣ ጽሑፉ 10 ይላል፤ እኛ 12 ነን» አሉት ጀልባ ነጂውን።

«እማማ፣ ቅርብ እኮ ነው፤ ምንም አይል» አላቸው።

«ውኃ ቅርብ ሩቅ ያውቃል ወይ?» አሉት። ነጂው ዝም አለ። ሁለት ሰዎች ወርደው ሌላ ጀልባ ጠበቁ። ለቀረነውም ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ አደለን። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉም ያይላል። በዚያን ጊዜ ከመጠን በላይ የተጫነ ጀልባ አደጋ ነው።

ዘጌ

በመንገዳችን የክብራን ገብርኤልን ደሴት አየን። ወደዚያ ገዳም ሴት አትገባም። ከዚያ ዘጌ ደረስን። ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ወደ ሐይቁ የገባ መሬት ነው። ደን ለብሷል። በደኑ ሥር ቡና አለ።

የዘጌ ሰው በበሬ አያርስም። አቡነ በትረ ማርያም የተባሉ አባት «ሳታርሱ ትኖራላችሁ» ብለዋል ተብሎ ይነገራል። ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ሸጦ እህል ይገዛል። እኛ ገበሬዎች በዚህ ተገረምን። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው መሬቱ ስላልታረሰ ነው።

የእኛው ወደብ ቆራጣ

በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ቆራጣ አለች። ቆራጣ የእኛው የደራ ናት። ድሮ የነጋዴ ከተማ ነበረች። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳምም በዚያ አለ።

በየካቲት 1858 ዓ.ም. ራሳም የተባለ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቆራጣ መጣ። የመጣው አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ነበር። ንጉሡ ዘጌ ሰፍረው ስለነበር፣ እንግዶቹ ከቆራጣ ወደ ዘጌ በታንኳ ተሻገሩ። እስረኞቹም ተፈትተው ቆራጣ ደርሰው ነበር። ዳሩ ግን በሚያዝያ ነገሩ ተበላሸና ሁሉም ተያዙ። በሰኔ ደግሞ ኮሌራ ገባ፤ ሰፈሩም ወደ ደብረ ታቦር ተነሣ።

ሐይቁን ምን ነካው?

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የሚባል አረም በጣና ላይ ታየ። እምቦጭ ውኃውን እንደ ምንጣፍ ይሸፍናል። ጀልባ አያሳልፍም፤ መረብ አያስጥልም። በዳር ያለውን ግጦሽም ያጠፋል። የዳር አገር ገበሬ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል።

ይህ የዳር አገር ሰው ችግር ብቻ ነው ወይ? አይደለም። ጉማራ ወንዝ ከጉና ተነሥቶ ወደ ጣና ይገባል። ክረምት ሲሆን ከማሳችን የታጠበው አፈር አብሮት ይወርዳል። ማዳበሪያውም አብሮ ይሄዳል። እምቦጭ ደግሞ በዚያ ይደልባል። እንግዲህ በተራራችን ላይ እርከን ብንሠራ ሁለት ነገር እናተርፋለን። አፈራችን ለልጆቻችን ይቀራል፤ ጣናም ያርፋል።

እንወያይ

1. ታንኳ ከምን ይሠራል?
2. እናታችን ማንበባቸው ምን ጠቀመ?
3. በሰፈራችን አፈር የሚታጠበው የት የት ነው? በበጋው ምን እናድርግ?