ጠጅ ቤት በአዲስ አበባ፤ ከግቢ ወደ ገበያ

«ጠጅ ቤት» የሚለው ስም ሁለት ትርጕም አለው። ቀድሞ በነገሥታትና በመኳንንት ግቢ እንደ እንጀራ ቤትና እንደ ወጥ ቤት ሁሉ አንድ የሥራ ክፍል ነበረ፤ ዛሬ በከተማ ማንም ሰው ገብቶ በገንዘቡ የሚጠጣበት ቤት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ስሙ ከግቢ ወደ ገበያ ሲወጣ ምን ይዞ እንደ ወጣ ማመልከት ነው።

በጥንቱ ሥርዐት አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ተበርዞ፣ በወይራ በታጠነ ጋን ከጌሾ ጋራ ይጣላል። ማሩን ባላገሩ ለጌታው ይገብር ነበርና ጠጁም የጌታ መጠጥ ሆኖ ኖረ፤ የሕዝቡ መጠጥ ጠላ ነበረ። «ግብር» የሚለው ቃል ባላገሩ የሚያስገባውንም፣ ጌታው የሚያበላውንም ያመለክታል። ማር ገባሪው ጠጅ የሚቀምሰው ወደ ግብር አዳራሽ ሲጠራ ነው፤ በዚያም መቀመጫው እንደ ማዕርጉ ነበረ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ወታደሩ፣ ነጋዴውና ደጅ ጠኚው ከየአገሩ መጣ። ከዘመዱ የራቀው ሰው ምግብና መጠጥ በገንዘብ መግዛት ግድ ሆነበት። ጠጅ መጣል በየቤቱ የሴት ሙያ ስለ ነበረ፣ ብዙ ሴቶች በዚሁ ሙያ ቤት ከፍተው ራሳቸውን ቻሉ።

ዛሬ ወደ ቈየ ጠጅ ቤት የሚገባ ሰው የግቢውን ሥርዐት ፍለጋ ያገኛል። አሳላፊው እንደ ጥንቱ ቆሞ ይቀዳል፤ ነገር ግን በረዥሙ አግዳሚ ላይ ሹሙና ወዛደሩ ብርሌያቸውን ይዘው ጐን ለጐን ይቀመጣሉ። አዝማሪ በሚገኝበት ቤት ምስጋናው ቀድሞ ለጌታው የነበረው አሁን ለሸላሚው ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የታወጀው ሰዓት እላፊ ይህን የሌሊት ጨዋታ ለብዙ ዘመን አቀዝቅዞት ነበር።

አንድ ነገር ግን በገበያ አስቸጋሪ ሆነ። በግቢ የጠጁ ንጽሕና የጌታው ክብር ነበረ፤ በገበያ ማር ሲወደድ ስኳር የሚጨምሩበት አሉ። ያን ጊዜ ዳኛው የደንበኛው ምላስ ብቻ ነው። «ፍቅርና ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» እንዲሉ፣ ስሙ አንድ ጊዜ የተነቀፈ ቤት ደንበኛውን መመለስ ይቸግረዋል። ስለዚህ የማሩን ልክ፣ የጌሾውን መጠንና የጋኑን አስተጣጠን በእጃቸው የሚያውቁ ባልቴቶች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ሊጻፍ ይገባል፤ ቤቱ ቢቈይም ሙያው ከነርሱ ጋራ ሊያልፍ ይችላልና።