ገዢው ያላወቀው የሰከንዶች ሂሳብ

የኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ጤፍና እንደ ሲሚንቶ መጋዘን ተከቶ ዋጋ የሚጠበቅለት ሸቀጥ አይደለም። በአብዛኛው በተመረተበት ቅጽበት መሸጥ አለበት። ሻጮቹም በአንድ መረብ የተሳሰሩ በመሆናቸው የአንዱ ጉድለት ለሁሉም ይተርፋል። የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ይህን የተማረችው በውድ ዋጋ ነው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ከሰዓት በኋላ አውሎ ነፋስ ሦስት ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመሮችን ጎዳ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የመረቡ ቮልቴጅ ስድስት ጊዜ ወረደ። ዘጠኝ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችም ከሰባት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ 456 ሜጋ ዋት ቀነሱ። ጉድለቱ በሙሉ ከጎረቤት ቪክቶሪያ በሚመጣው መስመር ላይ ወደቀ። የሁለቱ ግዛቶች ጄኔሬተሮች እኩል መሽከርከር ሲያቅታቸው የመስመሩ መከላከያ ቆረጠው፤ 850 ሺህ ያህል ደንበኞች መብራት አጡ። የግዛቲቱ ነጋዴዎች ማኅበር በንግዱ ላይ የደረሰውን ኪሣራ 367 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገምቶታል።

መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድመው ይመዝናሉ። በኮምፒዩተር አንድ መስመር እንደተቆረጠ ተደርጎ፣ በሚቀጥሉት ጥቂት ሰከንዶች ጄኔሬተሮቹ አብረው መዞራቸውን መቀጠል አለመቀጠላቸው ይሰላል። በአንድ መስመር ሊተላለፍ የሚችለው የኃይል ጣሪያ የሚወሰነውም በዚሁ ስሌት ጭምር ነው። በመሆኑም ምዘናው የገበያ ጉዳይ ነው። ጣሪያው ያለአግባብ ዝቅ ካለ ርካሹ ኃይል ገዢው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል፤ ከፍ ካለ ደግሞ መላው መረብ ለአደጋ ይጋለጣል።

ይሁንና ስሌት ከተሰጠው መረጃ የተሻለ ሊሆን አይችልም። ማመንጫዎቹ የቮልቴጅ መውረድ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ሲደጋገምባቸው ኃይል እንዲቀንሱ ወይም ከመረቡ እንዲወጡ ሆነው የተዘጋጁ ነበሩ። የገበያው አስተዳዳሪ መ/ቤት ግን ይህን አያውቅም ነበር። በሻጩ መሣሪያ ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር ገዢውን ወክሎ ለሚያሰላው አልደረሰም።

ማስተካከያው ከኪሣራው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ በማመንጫዎቹ መቆጣጠሪያ ላይ የነበረው ቁጥር ከፍ እንዲል ተደረገ። ተቆጣጣሪው መ/ቤት በ2019 አራት ኩባንያዎችን ከሰሰ፤ ከመካከላቸው አንዱ በ2020 መጨረሻ 1 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ።

ቅጣት ግን የጠፋውን አይመልስም። በ2017 የወጣው ደንብ አመንጪዎች የመሣሪያቸውን ጠባይ የሚያሳይ ዝርዝር ሞዴል እንዲያቀርቡ የሚጠይቀውም ለዚሁ ነው። ሜጋ ዋት የሚሸጥ ነጋዴ፣ መስመር ሲቆረጥ ዕቃው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መናገር አለበት።