ከቤት ወጣ ወይስ ከብት ወጣ?

አንድ ሰው ቸኩሎ «ከቤት ወጣ» ሲል ይቀዳና ቅጂው ለኮምፒውተር ይሰጣል። ድምፁን የሚያዳምጠው የፕሮግራሙ ክፍል ሁለት ግምት ይዞ ይመጣል፦ «ከቤት ወጣ» እና «ከብት ወጣ»። ልዩነታቸው አንዲት አናባቢ ናት፤ በጥድፊያ ንግግር ውስጥ እሷም ትዋጣለች። እኛን ይህ አያስቸግረንም፤ ሰው ከቤት ወጣ ሲባል ስንሰማ ኖረናል። ኮምፒውተሩ ግን ይህን ልምድ ከሌላ ክፍል መበደር አለበት። አበዳሪው የቋንቋ ሞዴል ይባላል።

ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በቁጥር ተመንዝሮ ነው። ለንግግር ሥራ በተለመደው አቀዳድ የማይክሮፎኑ ሞገድ በሴኮንድ 16,000 ጊዜ ይለካል፤ ከዚያም በየ10 ሚሊ ሴኮንዱ የ25 ሚሊ ሴኮንድ ቁራጭ እየተወሰደ ይመረመራል። አዳማጩ ክፍል፣ ማለትም የድምፅ ሞዴሉ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ የትኛውን ድምፅ እንደሚመስል ነጥብ ይሰጣል። የቋንቋ ሞዴሉ በበኩሉ ጆሮ የለውም፤ የሚያውቀው ያነበበውን ጽሑፍ ብቻ ነው። «ከቤት» ከተባለ በኋላ «ወጣ» የመምጣቱ ዕድል ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ይመልሳል። የሁለቱ ዕድሎች ተባዝተው ከፍተኛውን ያገኘው ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን አካሄድ ካጠናከሩት መካከል በአይቢኤም የፍሬደሪክ ጄሊኔክ ቡድን በዋናነት ይጠቀሳል።

የሐሳቡ ሥር ግን ከኮምፒውተር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1913 ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬ ማርኮቭ ከፑሽኪን «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» 20,000 ፊደላትን በእጁ ቆጥሮ፣ ከአናባቢ በኋላ አናባቢ ወይም ተነባቢ የሚመጣበትን ዕድል አሰላ። (ፑሽኪን ያው አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የተሰየመለት፣ በቅድመ አያቱ በኩል የኛ ነው እያልን የምንከራከርለት ባለቅኔ ነው።) ዛሬ ኤን-ግራም የምንለው ሞዴል የዚሁ ቆጠራ ልጅ ነው፤ በፊደል ፈንታ ቃላትን ይቆጥራል፣ አንድ ቃል ከቀደሙት ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ቀጥሎ ስንት ጊዜ እንደመጣ ይመዘግባል።

አሁን የአንድ ሴሚስተር ፕሮጀክት የሚያቅዱ ተማሪዎችን እናስብ። በፕሮፖዛል ላይ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «አማርኛ የሚሰማ ሲስተም እንሠራለን» የሚል ነው። ይህ ምኞት እንጂ ዕቅድ አይደለም። ኦፕን ኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሞዴል፣ ዊስፐር፣ የሠለጠነው በ680,000 ሰዓት ቅጂ ነው። ሰለሞን ተፈራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት፣ ለብዙ የአማርኛ ጥናት መነሻ የሆነው የንባብ ቅጂ ስብስብ ደግሞ 100 ሰዎች ያነበቡት ወደ 20 ሰዓት የሚጠጋ ንግግር ነው። በዚህ ሚዛን በግዝፈት መፎካከር ትርፉ ድካም ነው። በአራት ወር የሚመለስ ጥያቄ መምረጥ ግን ይቻላል፤ ለአማርኛ ደግሞ ጥሩው ጥያቄ ያለው በቋንቋ ሞዴሉ በኩል ይመስለኛል።

ምክንያቱ የቃላችን ጠባይ ነው። «አልነገርኳቸውም» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛ ይህንኑ ለማለት አምስት ቃል ይፈልጋል። አፍራሹ፣ ባለቤቱ፣ ተሳቢው ሁሉ በአንድ ግሥ ላይ ተሳፍረዋል። ከፊት «ስለ» ወይም «እንደ»፣ ከኋላ «ና» ወይም «ስ» ሲጨመርማ የአንድ ግሥ መልክ ማብቂያ የለውም። ቃል ቆጣሪ ሞዴል እነዚህን ሁሉ በጽሑፍ ላይ ሊያገኛቸው አይችልም፤ ያላየውን ቃል ደግሞ ጥርት ብሎ ቢነገርም አይጽፈውም። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ቃላቱን ወደ ምዕላዶች፣ ማለትም ትርጉም ወዳላቸው ትንንሽ የቃል ክፍሎች፣ ቆራርጠን ሞዴሉን ብንሠራ ስህተቱ በምን ያህል ይቀንሳል? ማርታ ይፍሩ እ.ኤ.አ. በ2010 በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበችው የዶክትሬት ሥራ የመረመረችው ይህን የመሰለ ጉዳይ ነበር፤ ተማሪዎቹ ባዶ ሜዳ ላይ አይቆሙም ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ። መቁረጥ የሚቀናው ከፊትና ከኋላ የተለጠፈውን ነው። በ«ሰበረ» እና በ«ተሰባበረ» መካከል ያለው ለውጥ ከሥሩ ውስጥ ስለሆነ በመቀስ አይለይም።

የዚህ ጥያቄ ሌላው ውበት ርካሽነቱ ነው። የድምፅ ሞዴሉን አንዴ፣ ምናልባትም ሌሎች ያሠለጠኑትን ወስዶ፣ በሁሉም ቅጂዎች ላይ ማስኬድና ውጤቱን ማስቀመጥ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀያየረው የቋንቋ ሞዴሉ ብቻ ነው፤ ኤን-ግራም ደግሞ በተራ ላፕቶፕ ላይ በደቂቃዎች ይሠራል። መብራት ቢሄድ እንኳ የሳምንት ሥራ አብሮ አይሄድም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አንድ ነገር ብቻ ስለተቀየረ፣ የመጣው ለውጥ ከየት እንደመጣ ይታወቃል።

መለኪያው ላይ ቆም ማለት ይገባል። የቃል ስህተት መጠን የሚሰላው የተተኩትን፣ የተዘለሉትንና ያለቦታቸው የገቡትን ቃላት ደምሮ በትክክለኛው ጽሑፍ የቃላት ብዛት በማካፈል ነው። ማሽኑ «አልነገርኳቸውም» በሚለው ፈንታ «አልነገርኳቸው» ቢጽፍ በዚህ ሒሳብ ቃሉ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። በፊደል ሲሰላ ግን ከ9 ፊደላት የጎደለው 1 ነው፤ ስህተቱ ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። ለአማርኛ ሁለቱንም አብሮ ማቅረብ ነው የሚሻለው፤ የቃሉን ብቻ ይዞ ከእንግሊዝኛ ውጤት ጋር መወዳደር ራስን ያለጥፋት መቅጣት ነው።

ያለጥፋት የሚያስቀጣ ሌላም አለ። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በ«ፀ» ወይም በ«ጸ» ሊጀምር ይችላል፤ ሁለተኛው ፊደል ከሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ አንዱ ሊሆን ይችላል። አንዱ ድምፅ 12 አጻጻፍ አለው፤ ማሽኑም የቱን እንደሚመርጥ ከድምፁ ሊያውቅ አይችልም። ሞክሼ ፊደላትን በማሠልጠኛውም በመፈተኛውም ጽሑፍ ላይ ወደ አንድ መሰብሰብ ያስፈልጋል። በአኃዝ የተጻፉ ቁጥሮችና እንደ «ጠ/ሚ» ያሉ አጽሕሮተ ቃላትም አንባቢው እንደጠራቸው ተዘርግተው መጻፍ አለባቸው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚበላው እሱ ስለሆነ በዕቅዱ ላይ በግልጽ ቀን ይመደብለት።

መፈተኛው ቅጂ ከመጀመሪያው ቀን ተለይቶ ይታሸግ። አንድ አንባቢ በማሠልጠኛውም በመፈተኛውም ካለ ማሽኑ የሚፈተነው በሚያውቀው ሰው ድምፅ ነው። ለቋንቋ ሞዴሉ ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለ። የሚነበቡት ዓረፍተ ነገሮች ብዙውን ጊዜ ከዜና የተወሰዱ ናቸው፤ ተማሪው ሞዴሉን የሚመግበው ጽሑፍም ከዜና ድረ ገጾች የተለቀመ ነው። የፈተናው ዓረፍተ ነገር በምግቡ ውስጥ ካለ፣ ሞዴሉ መልሱን ሸምድዶ ገብቷል። ስለዚህ ጽሑፉ ከመፈተኛው ጋር ተነጻጽሮ የተደገመው ይወገድ።

የጽሑፉ ምንጭ ሌላም መዘዝ አለው። በዜና ብቻ ያደገ የቋንቋ ሞዴል ገበሬው በእርግጥ «ከብት ወጣ» ቢል እንኳ «ከቤት ወጣ» ብሎ ሊያርመው ይችላል፤ የቆጠረው ይህንን ነውና። በአንባቢ ድምፅ ጥሩ ውጤት ያመጣ ሥርዓት ገበያ ውስጥ ሲገባ ከሚደናገርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ተማሪዎቹ ጊዜ ከተረፋቸው ፈቃዳቸውን በጽሑፍ የሰጡ ጥቂት ሰዎችን በነጻ ሲያወሩ ቀድተው፣ እንደ ሁለተኛ መፈተኛ ቢያቀርቡት ሪፖርቱ ክብደት ያገኛል።

በቃልና በምዕላድ የተሠሩ ሞዴሎችን ሲያነጻጽሩ ፐርፕሌክሲቲ የተባለውን ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያጓጓል። ይህ ቁጥር ሞዴሉ ቀጣዩን አሃድ ለመገመት በስንት አማራጭ መካከል ያህል እንደሚዋልል ይነግረናል። የምዕላዱ ቁጥር አነስ ብሎ ሲገኝ ግን ድል አይደለም፤ የሚገመተው አሃድ አጠረ እንጂ። ለሁለቱም የጽሑፉን ጠቅላላ ዕድል ሎጋሪዝም ወስዶ በቃላት ብዛት ማካፈል ያስታርቃቸዋል።

ውጤቱ ከመጣ በኋላም አንድ ሥራ ይቀራል። መፈተኛው 300 ዓረፍተ ነገር ከሆነ፣ በሁለቱ ሞዴሎች መካከል የታየችው የ1 በመቶ ልዩነት የአጋጣሚ ልትሆን ትችላለች። ይህን ለማጣራት ከ300ው፣ መደጋገም ተፈቅዶ፣ 300 በዕጣ ማውጣት፤ ልዩነቱን ማስላት፤ ይህንኑ 1,000 ጊዜ መድገም። ኮምፒውተሩ ይህን በቅጽበት ይጨርሰዋል። ከ1,000ው በ600ው ብቻ የምዕላዱ ሞዴል ካሸነፈ፣ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ልዩነት መኖሩን ማረጋገጥ አልተቻለም የሚለው ነው። ከሥሩም እያንዳንዱ አንባቢ ለብቻው ያስመዘገበው ስህተት በሠንጠረዥ ይቀመጥ።