ቴሌቪዥኑ ጌሙን ሲጠብቅ

የእግር ኳስ ጌም እየተጫወታችሁ ነው እንበል። ኳሱ መሃል ሜዳ ላይ እያለ ምስሉ ልስልስ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ የማዕዘን ምት ታገኛላችሁ። ተጫዋቹ በሙሉ ጎል ፊት ተሰብስቧል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ከኋላ ተመልካቹ ባንዲራ ያውለበልባል። ልክ በቴስታ ልትመቱ ስትሉ ምስሉ ነጠቅ ነጠቅ ይላል፤ ኳሷም በረኛው እጅ ላይ ትገኛለች። «ጆይስቲኩ ነው!» ትላላችሁ። ጓደኛችሁ ይስቃል።

ምናልባት ግማሽ እውነት አላችሁ። ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል፤ ኮንሶሉና ቴሌቪዥኑ በሰዓት ሳይግባቡ ቀርተው ይሆናል። በአዳዲስ ኮንሶሎችና ቴሌቪዥኖች ላይ «ቪአርአር» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ከሆነ፣ ሁለቱን ለማስታረቅ የመጣ ዘዴ ነው። ሙሉ ስሙ ቫሪየብል ሪፍሬሽ ሬት ነው፤ በአማርኛ «ተለዋዋጭ የምስል ማደሻ ፍጥነት» ልንለው እንችላለን።

መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን እንየው። ስክሪን ላይ የሚሮጥ ሰው ስታዩ፣ በእርግጥ የምታዩት ተራ በተራ የሚቀያየሩ የቆሙ ምስሎችን ነው። እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። 60 ኸርዝ የሆነ ቴሌቪዥን ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል፤ በየ16.7 ሚሊሰከንዱ አንዴ ማለት ነው (ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው)። 120 ኸርዝ ከሆነ በየ8.3 ሚሊሰከንዱ። ይህ ሰዓት አይዛነፍም። አዲስ ምስል መጣም ቀረ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ያድሳል፤ አዲስ ከሌለ የድሮውን ይደግማል።

ለመሆኑ 60 ከየት መጣ? ታሪኩ ደስ ስለሚል ትንሽ ዞር እንበል። የመጀመሪያዎቹ ቴሌቪዥኖች ሲሠሩ የመብራት መስመሩ ምስሉን እንዳይረብሽ፣ የማደሻውን ፍጥነት ከኤሌክትሪኩ ጋር አመሳሰሉት። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ስለሆነ ቴሌቪዥኑም ወደ 60 ሆነ፤ አውሮፓ 50 ስለሆነ 50። የኢትዮጵያ መብራትም 50 ኸርዝ ነው፤ ቴሌቪዥናችንም ፓል የተባለውን የአውሮፓ መንገድ ተከተለ። ይህ ልዩነት ጌም ላይ አስቂኝ ጣጣ አመጣ። ለ60 ኸርዝ የተሠሩ ብዙ ጌሞች በ50 ኸርዝ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈቱ እያንዳንዷ እርምጃ ከማደሻው ጋር የታሰረች ስለነበረች፣ ጌሙ በሙሉ 17 በመቶ ያህል ዘገየ። በ1991 የወጣው ሶኒክ፣ በፍጥነቱ ስሙን የተከለው ሰማያዊ ጃርት፣ አውሮፓ ውስጥ ሙዚቃው ሳይቀር ተንቀራፎ ነበር። ዛሬ ጠፍጣፋ ስክሪኖች ከመብራት መስመሩ ጋር የሚያስተሳስራቸው ነገር የለም፤ የማይዛነፈው ሰዓት ግን አብሯቸው ቀረ።

አሁን ደግሞ ኮንሶሉን እንይ። ለፊልም የማይዛነፍ ሰዓት ችግር የለውም፤ ምስሎቹ ቀድመው ተዘጋጅተዋል። ጌም ግን እያንዳንዱን ፍሬም የሚሥለው እዚያው ነው፣ እናንተ ቁልፍ ስትጫኑ። ባዶ ሜዳ ለመሣል 12 ሚሊሰከንድ ቢበቃው፣ ያ የማዕዘን ምት ከነዝናቡ 18 ሊፈጅበት ይችላል። ኮንሶሉ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው በዛ።

ሰዓቱን ጠብቆ የሚነሳ ባቡር አስቡ። በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ይነሳል፣ ማንንም አይጠብቅም። ፍሬሙ በ18ኛው ሚሊሰከንድ ጣቢያ ቢደርስ ባቡሩ ሄዷል። ያመለጠው በ1.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ቅጣቱ ግን ከባድ ነው፤ ቀጣዩ ባቡር የሚነሳው በ33.3ኛው ስለሆነ 15.3 ሚሊሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል። በዚያ መሃል ስክሪኑ ላይ የድሮው ምስል ተደግሟል። ዓይናችሁ የሚያየው መንገጫገጭ ይሄ ነው። እጃችሁም ይሰማዋል፣ ምክንያቱም የተጫናችሁት ቁልፍ ውጤት በዚያው ልክ ዘግይቶ ይመጣል። ይህ አሠራር ቪ-ሲንክ ይባላል።

«እንዴ፣ ታዲያ ለምን ይጠብቃል? እንደደረሰ ዘሎ አይገባም?» ብትሉ፣ ይቻላል። ግን ስክሪን ምስልን የሚያወርደው ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር ነው። አዲሱ ፍሬም መሃል ላይ ዘሎ ከገባ የስክሪኑ የላይኛው ክፍል የድሮውን፣ የታችኛው ደግሞ አዲሱን ያሳያል። ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር የጎሉ ቋሚ ወገቡ ላይ የተቆረጠ ይመስላል። ተጫዋቾች ይህንን የስክሪን መቀደድ ይሉታል።

ስለዚህ የጌም ሠሪዎች ለዓመታት የነበራቸው ምርጫ መንገጫገጭ ወይም መቀደድ ነበር። ሦስተኛው መንገድ ጌሙን በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ ማሰር ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬም 33.3 ሚሊሰከንድ ያገኛል፣ ሁለት ሁለት ባቡር በአንድ ጊዜ እየተቆጠረለት ነው በሉት። ያስተማምናል፤ ግን በ18 ሚሊሰከንድ የሚያልቅ ሥራ ሁልጊዜ 33 ሲጠብቅ ብዙ አቅም ይባክናል።

በጥቅምት 2013 ኤንቪዲያ ጂ-ሲንክ የተባለውን ሥራውን ለኮምፒውተር ሞኒተሮች ይፋ አደረገ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ባቡሩን አስወግደን ሚኒባስ ታክሲ እናምጣ። ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ነው። ፍሬሙ በ18 ሚሊሰከንድ ካለቀ ስክሪኑ በ18ኛው ያድሳል፤ ቀጣዩ በ14 ካለቀ በ14ኛው። ማሳያው ጌሙን ይጠብቃል እንጂ ጌሙ ማሳያውን አይጠብቅም።

እኔን የሚገርመኝ ይህ እንዴት እንደሚሠራ ነው፣ ምክንያቱም አዲስ ነገር ብዙም አልተፈጠረም። የድሮው ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ምስሉን የሚሥለው በኤሌክትሮን ጨረር ነበር። ጨረሩ ታች ሲደርስ ወደ ላይ ለመመለስ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በሁለት ፍሬሞች መካከል ምንም ምስል የሌለበት አጭር ዕረፍት በምስል መልእክቱ ውስጥ ተቀመጠ። ዛሬ ጨረር የለም፤ ዕረፍቱ ግን አሁንም በኬብላችሁ ውስጥ ይሄዳል። ቪአርአር ያደረገው ይህንን ዕረፍት እንደ ላስቲክ መለጠጥ ነው። ኮንሶሉ አንዱን ፍሬም በሙሉ ፍጥነት ይልካል፣ ከዚያ ቀጣዩ እስኪያልቅ ዕረፍቱን ያራዝማል። ቴሌቪዥኑ ማድረግ ያለበት ዕረፍቱ አንዴ ሲረዝም አንዴ ሲያጥር አለመደናገር ነው። ለሰባ ምናምን ዓመት ዕረፍቱ ሁሌ እኩል ነው ብሎ ለኖረ መሣሪያ ግን ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

የመጀመሪያው ጂ-ሲንክ ሞኒተሩ ውስጥ የኤንቪዲያን የራሱን ሰርኪዩት ስለሚፈልግ ዋጋው ከበድ ይል ነበር። በ2014 ቬሳ የተባለው የማሳያዎች መስፈርት አውጪ ድርጅት ማንም ሊጠቀምበት የሚችል መስፈርት አወጣ፤ የኤኤምዲ ፍሪሲንክ በዚያ ላይ ተሠርቶ በ2015 ገበያ ገባ። ሳሎን ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን የሚጠቀመው ግን ኤችዲኤምአይን ነው፤ እዚያ ቪአርአር በመስፈርት ደረጃ የተጻፈው በኅዳር 2017 በወጣው ኤችዲኤምአይ 2.1 ነው። ከኮንሶሎች ቀድመው የደረሱት ኤክስቦክስ ዋን ኤስና ኤክስ ሲሆኑ፣ በ2018 በሶፍትዌር ማሻሻያ አገኙት። ኤክስቦክስ ሲሪየስ ኤክስና ኤስ በ2020 ይዘውት ወጡ። ፕሌይስቴሽን 5 በዚያው ወር ቢወጣም ቪአርአር የተጨመረለት በሚያዝያ 2022 ነው። በ2025 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ በራሱ ስክሪን ላይ ይጠቀምበታል፤ ከቴሌቪዥን ጋር ሲያያዝ ግን ሳይኖረው ለገበያ ቀረበ።

ሚኒባሱም ቢሆን ዘላለም አይጠብቅም። ስክሪን ምስሉን ሳያድስ ብዙ ከቆየ ብርሃኑ ይዛነፋል፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ገደብ አለው። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ክልሉ ከ48 እስከ 120 ኸርዝ ነው። ጌሙ በሰከንድ 35 ፍሬም ላይ ቢወርድስ? እዚህ ጋ አንድ ብልሃት አለ፤ እያንዳንዱን ፍሬም ሁለት ጊዜ ማሳየት። 35 ሲታጠፍ 70 ይሆናል፣ 70 ደግሞ ክልሉ ውስጥ ነው። አሁን ይህንኑ ከ48 እስከ 60 ብቻ በሚሠራ ቴሌቪዥን ላይ ሞክሩት፦ 70 ከጣሪያው በላይ ነው፣ 35 ከወለሉ በታች። አይሆንም። ብልሃቱ እንዲሠራ ጣሪያው የወለሉ እጥፍ መሆን አለበት። ለዚህ ነው 60 ኸርዝ ቴሌቪዥን ላይ «ቪአርአር አለው» ሲሏችሁ ብዙ መደነቅ የሌለባችሁ፤ የሚያግዛችሁ በዚያች ጠባብ ክልል ውስጥ ብቻ ነው።

ቴሌቪዥን ለመግዛት ቤተሰባችሁን እያሳመናችሁ ከሆነ ይሄን ክፍል ለእነሱም አንብቡላቸው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ሞሽን 240» ምናምን የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የፓነሉ ፍጥነት አይደለም፤ አምራቹ ለምስል ማለስለሻ ሶፍትዌሩ የሰጠው ቁጥር ነው። ፓነሉ ራሱ ስንት ኸርዝ እንደሆነ ጠይቁ። «ኤችዲኤምአይ 2.1» የሚለው ጽሑፍም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፣ ምክንያቱም በመስፈርቱ ውስጥ ቪአርአር ግዴታ አይደለም። «ቪአርአር» ተብሎ በስሙ መጻፉን ፈልጉ፤ የትኛው ሶኬት ላይ እንደሚሠራም አጣሩ፣ ከአራቱ ሁለቱ ብቻ የሚሆኑበት ጊዜ አለና። ከኮንሶሉ ጋር የመጣውን ኬብል አትጣሉ። ያላችሁ አሮጌ 60 ኸርዝ ቴሌቪዥን ከሆነ ደግሞ፣ በእኔ ግምት ለዚህ ብቻ ተብሎ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚል ምርጫ ካለው እሱን ክፈቱ፤ የምስሉን ጥራት ትንሽ ቀንሶ ፍሬሞቹ ባቡሩ ላይ እንዲደርሱ ያደርጋል።

ቪአርአር ያላቸውም ቢሆኑ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አይሆንላቸውም። ኦሌድ ስክሪኖች ላይ ጨለማ የበዛባቸው ቦታዎች ብልጭ ድርግም ሲሉ ይታያል። ስክሪኑ ጥቁርና ግራጫውን የሚለካው ለአንድ የታወቀ ፍጥነት ተስተካክሎ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ሲዋዥቅ የደብዛዛው ግራጫ ብርሃንም አብሮ ይዋዥቃል። ዋሻ ውስጥ የሚካሄድ ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ይሄ ሊያናድዳችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ ማጥፋት መብታችሁ ነው። ከዚህ ሌላ ቪአርአር ኮንሶሉን አያፈጥነውም። በሰከንድ 30 ፍሬም የሚሥል ጌም አሁንም 30 ነው የሚሥለው። ጌሙ አዲስ አካባቢ ሲጭን ለ100 ሚሊሰከንድ ቢቆም፣ ቴሌቪዥኑም አብሮት ይቆማል።

ልዩነቱን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ቪአርአር ባለው ቴሌቪዥን ላይ ፍጥነቱ ያልታሰረ ጌም ክፈቱ። ቀጭን ቋሚ ነገር ፈልጉ፤ የመብራት ምሰሶ ወይም የጎል ቋሚ። ካሜራውን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ እያዞራችሁ ምሰሶው ላይ ብቻ አተኩሩ። ከዚያ ከኮንሶሉ ሴቲንግ ቪአርአርን አጥፉና ያንኑ ድገሙ። ምሰሶው መዝለል የሚጀምረው መቼ እንደሆነ ጓደኛችሁ ይንገራችሁ፤ የትኛው እንደበራ ግን አትንገሩት።