መምህርን በሙያው የሚያጸኑ ቅጽበቶች፦ ከወላጆችና ከቀድሞ ተማሪዎች የሚጠበቀው

ወላጆችና አሳዳጊዎች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በአብዛኛው ለምዝገባ፣ ለመሸኛ፣ ለሪፖርት ካርድ ወይም ቅሬታ ለማቅረብ ነው። ቅሬታ ማቅረብ የተገልጋይ መብት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን እምብዛም የማይነገረውን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መምህርን በሙያው ላይ የሚያጸናው ምንድን ነው? ከዚህስ ውስጥ በኅብረተሰቡ እጅ ያለው የትኛው ነው? የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ የራሱ ቦታ ስላለው፣ ምስጋና የእርሱ ምትክ ሆኖ እዚህ አልቀረበም።

መምህራን አዘውትረው ከሚያነሷቸው ቅጽበቶች ቀዳሚው የሚገኘው በታችኞቹ ክፍሎች ነው። በአማርኛ የፊደል ገበታ ላይ ያሉት 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ሕፃናት በዜማ ስለሚሉት ቶሎ ይይዙታል፤ ይሁን እንጂ በዜማ መያዝና ማንበብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ሳይሳሳት የሚወርድ ልጅ፣ መምህሩ ድንገት «ቂ» ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ከ«ቀ» ተነሥቶ ካልቆጠረ መልሱን አያገኘውም። የቀደሙት የኔታዎች ፊደሉን በ«አቡጊዳ» ተራ አዘበራርቀው እንደገና ያስቆጥሩ የነበረውም ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ይኸው ልጅ ማንም ያላስጠናውን ቃል ከሰሌዳው ላይ ፊደል በፊደል አያይዞ ያወጣዋል። ያነበበው ነገር ትርጉም ያለው መሆኑን ሲረዳም ቀና ብሎ መምህሩን ያያል። ሃምሳና ከዚያ በላይ ተማሪዎች በሚገኙበት ክፍል ይህ የሚሆነው በአንድ ቀን ሳይሆን በየተራ ነው፤ አንዱ በኅዳር፣ ሌላው በጥር ሲደርስ አንዳንዱ እስከ ግንቦት ያስጠብቃል። የመጨረሻው ልጅ ያነበበበት ቀን ከመጀመሪያው ልጅ ቀን ይልቅ ለመምህሩ ይከብዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የመጀመሪያው ምናልባት በቤቱ የሚያስጠናው ሰው ነበረው። ትምህርቱ በሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ በሚሰጥባቸው አካባቢዎችም ፊደሉ ይለይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ልጁ በቤት ውስጥና በመንገድ ላይ የሱቅ ማስታወቂያ ወይም የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ሲጀምር የሚሰማው ግን ወላጅ ነው። ይህ ዜና ወደ መምህሩ የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው።

በጎልማሶች ትምህርት በኩል ቅጽበቱ ሌላ መልክ አለው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፤ በዚያ ዘመቻ ያስተማሩ ብዙዎች የሚያስታውሱት፣ በአውራ ጣቷ ቀለም ስታትም የኖረች እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጽፋ የፈረመችበትን ቀን ነው።

የፈተና ውጤትም የመምህር ደስታ አንዱ ምንጭ መሆኑ አይካድም። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ መሸፈን የማይገባው እውነት ነው። የመምህር ድካም በዚህ ብቻ ከተለካ ግን አብዛኛው መምህር ዓመቱን ያለ አንዳች ፍሬ ዘጋ ማለት ይሆናል፤ ይህም ትክክል አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ አንድ አንቀጽ አስተካክሎ መጻፍ ያልቻለ ተማሪ፣ ሲወጣ ሐሳቡን በሁለት ገጽ አስፍሮ ሊሆን ይችላል። በመዝገብ ላይ «አላለፈም» ተብሎ ይሰፍራል፤ ከየት እንደተነሣ የሚያውቀው መምህሩ ነው።

ሌላው ፍሬ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር በጤና ጣቢያ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰች ባለሙያ «ቲቸር!» ብላ ትጠራዋለች። መልኳ ተለውጦ ስሟ ሊጠፋው ይችላል፤ የተቀመጠችበትን ረድፍ ግን ያስታውሳል። እንዲህ ያለው መገናኘት በአጋጣሚ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

የዓለም መምህራን ቀን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 5 ይከበራል። ዕለቱ የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1966 የመምህራንን መብትና ኃላፊነት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የውሳኔ ሐሳብ የጸደቀበት ቀን በመሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 25 ስለሚውል፣ መምህሩ የዓመቱን ተማሪዎች ስም ገና ለይቶ ባልጨረሰበት ወቅት ይደርሳል። ስለዚህ ዕለቱ ይበልጥ የሚስማማው ያለፈውን ዓመት መምህር ለማመስገን ነው። የያዝነውን ዓመት መምህር ለማነጋገር የሰሚስተር ማብቂያ የካርድ መስጫ ቀን፣ የወላጆች ቀንና የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ስብሰባ የተሻሉ ናቸው።

ምስጋናው የተለየ ዝግጅት አይጠይቅም። «ጎበዝ መምህር ነዎት» ከማለት ይልቅ «ልጄ በጥር ወር ለአያቱ ደብዳቤ አነበበላቸው» ማለት ይበልጣል፤ መምህሩ የትኛው ትምህርቱ እንደሠራ ከዚህ ያውቃል። ስጦታና ገንዘብ ግን፣ በተለይ ውጤት ከመሰጠቱ በፊት፣ አያስፈልግም፤ መምህሩን ለጥርጣሬ፣ አቅም የሌላቸውን ወላጆች ደግሞ ለሐፍረት ይዳርጋል። መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ከሆነ ስሙንና ያስተማረበትን ዓመት የያዘ አጭር ደብዳቤ ለርዕሰ መምህሩ መተው ይቻላል። የቀድሞ ተማሪዎችም የተማሩበትን ክፍልና ምድብ በደብዳቤው ላይ ቢጠቅሱ መምህሩ በቀላሉ ያስታውሳቸዋል።