ደጋው ላይ ፀሐይ የበረታባት ዳፍኒያ

ቢጫ ጀሪካን ፀሐይ ላይ ለብዙ ወራት ከተተወ ይነጣል፤ ኋላም ትንሽ ሲገፉት ስንጥቅ ይላል። ሙቀቱ ብቻ አይደለም ጥፋተኛው። ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር የፕላስቲኩን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይበጣጥሳቸዋል። እኔም ምህንድስና ስማር ጨረሩን ያወቅሁት እንዲህ ዕቃ ሲያበላሽ ነው። ታድያ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች፣ ገላዋ ብርሃን የሚያሳልፍ እንስሳ ላይ ሲያርፍስ?

እንዲህ ያለች እንስሳ ለማየት ባሕር ድረስ መሄድ የለባችሁም። ረግቶ ከቆየ ኩሬ ውሃ በብርጭቆ ቀድታችሁ ወደ ብርሃን ብታዞሩት፣ ብዙ ጊዜ ዝልል ዝልል የሚሉ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። ዳፍኒያ እና ኮፔፖድ ይባላሉ፤ የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመዶች ናቸው። ኮፔፖዶች ቀይ ባሕር ውስጥም ሞልተዋል። አልጌ ይበላሉ፤ እነሱን ደግሞ የዓሣ ጫጩት ይበላቸዋል። እነሱ ካለቁ ጫጩቱ ይራባል።

ጨረሩ የሴላቸው ውስጥ ገብቶ የዲኤንኤን ጎረቤታም ፊደላት እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ያኔ መልእክቱ በትክክል አይነበብም። ደግነቱ ብዙዎቹ ጠጋኝ ፕሮቲን አላቸው። የሚገርመው፣ ይህ ጠጋኝ የሚሠራው ራሱ በብርሃን ኃይል ነው! ግን ኬሚካላዊ ሥራ ስለሆነ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይዘገያል።

አሁን መካነ ሰላምን አስቡ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ትበልጣለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሰማዩ እኩል ጥርት ባለ ቀን እዚያ የሚያርፈው ጨረር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይበልጣል። ውሃው ደግሞ ብርዳም ነው። ጉዳቱ ይፈጥናል፣ ጥገናው ይዘገያል ማለት ነው።

ጥልቅ ሐይቅ ውስጥ ቢሆን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀን ወደ ጨለማው መውረድ፣ ማታ ለምግብ መውጣት። ጉልበት የማይደርስ ኩሬ ውስጥ ግን ወዴት ይወረዳል? አንዳንድ ኮፔፖዶች ከአልጌ ያገኙትን ቀይ ቀለም ይለብሳሉ። በአርክቲክ ጥርት ያሉ ኩሬዎች ያሉ ዳፍኒያዎች ደግሞ እንደ ሰው ቆዳ በሜላኒን ይጠቁራሉ። ችግሩ፣ የቀላ ወይም የጠቆረ እንስሳ ዓሣ ቶሎ ያየዋል። ከፀሐይ ያዳነው ቀለም ለዓሣ ያጋልጠዋል።

ለዚህ ነው እኛ የምንንቀው ድፍርስ ውሃ ለእነሱ ጃንጥላ የሚሆነው። የበሰበሰ ቅጠል ውሃውን እንደ ሻይ ሲያቀላው ጨረሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ጎርፍ ያመጣው አፈርም ይጋርዳል፤ ሲበዛ ግን ዳፍኒያ ምግቧን የምታጣራበትን ወንፊት ይደፍነዋል።